ለገንዳው የተተከለ ድንኳን

በአሸዋ ዳር ሰፈር ቀጠሮ የሚያዘው በሳይረን ነው፤ ወይ ጠዋት ሳይጮህ፣ ወይ አመሻሽ ላይ ከጮኸ በኋላ። በሁለቱ ጩኸቶች መሀል ላለው ቀን ስም አልወጣለትም። ሥራ አይሠራበትም፣ ሠርግ አይደገስበትም፣ ቀብርም አይወጣበትም። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት መጋረጃዋን አርጥባ፣ በሯን ዘግታ፣ ወለሏ ላይ ተዘርራ ትውላለች። ውሾቹ እንኳ ለምደውታል፤ የጠዋቱ ሳይረን ሲጮህ ከሰው ቀድመው ደረጃ ስር ይገቡና ሆዳቸውን ሲሚንቶው ላይ ይለጥፋሉ።

ይህ በደጉ ወራት ነው። ግንቦት ሲጠባ የሙቀት ጉዳይ ቢሮ አውቶቡሶቹን ይልካል። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ ልቡን የሚያመው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ አራሷ፣ ሁሉም ተለቅሞ ከከተማው ውጭ ወዳሉት አዳራሾች ይጓዛል። አዳራሾቹ ቀዝቃዛ ናቸው፤ በዚህ ማንም አያማቸውም። መስኮት የላቸውም። መብራታቸው አይጠፋም። ወንድ በአንድ ክንፍ፣ ሴት በሌላ ክንፍ ይተኛል፤ ባልና ሚስት የሚተያዩት በምሳ ሰልፍ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ አውቶቡሶቹ ሰዉን ይመልሱታል፤ የሚመለሰውን።

ኖላዊት ባሏን ሦስት ጊዜ ይዛ ሄዳ ሦስት ጊዜ ይዛ ተመልሳለች። ወይዘሮ ኖላዊት መባል ነበረባት፤ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ግን ድሬ ውስጥ አንቱታ ድሮም ሳስቶ የኖረ ነገር ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ጭራሽ ቀልጦ አለቀ። እሷ ስትወለድ ኖላዊት የሕፃን ስም ነበር። አሁን ሰው ኖላዊት፣ ኪሩቤል፣ ያፌት ሲባል ሲሰማ የሚታየው ከዘራና የመድኃኒት ሣጥን ነው።

ባሏ ያፌት ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ ድረስ ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአዳራሹ ሲመለስ ቀልዱን እዚያው ትቶ መጣ። በሁለተኛው ዓመት እግሩን ትቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ የሚያነሳው ሰው ነው። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ በራቸው ላይ ሲደርሱ ኖላዊትን ትክ ብሎ አያትና እጁን ዘርግቶ፣ "ቲኬት" አላት። ነጂ ቲኬት እንደማይጠይቅ እንኳ ረስቷል። እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ሐኪሙ ነገሩን አላስረዘመውም። "አራተኛውን ባትሞክሩት ይሻላል" ብሎ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄደ።

ስለዚህ ኖላዊት ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰፈሩ መዋኛ ገንዳ እስከ ሰማያዊው መስመር እንዲሞላላት።

ሕጉ አጭር ነው። ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ገንዳው እስከ መስመሩ የሞላለት ሰፈር አውቶቡስ አይላክበትም፤ ሰዉ ቤቱ ይከርማል። አምና ሁለት ሰፈሮች ተሳክቶላቸው ነበር። ሰኔን ሙሉ የቤታቸው ግድግዳ እንደ እንስራ ቀዝቅዞላቸው፣ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ ቁጭ ብለው ዳማ ሲጫወቱ ከረሙ። የዳማውን ፎቶ እየላኩም አሸዋ ዳርን ከፀሐይ በላይ አቃጠሉት።

የአሸዋ ዳርን ገንዳ የነደፈችው ሩሚያ ናት፤ እዚያው ሰፈር አሸዋው ላይ ስትንከባለል ያደገች፣ አሁን አርክቴክት። ከፈረሰ ፋብሪካ ጡብ አስለቅማ ገንዳውን ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት፣ ግማሽ አካሉ ከመሬት በታች የሆነ ቤት አድርጋ ሠራችው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ንፋስ በሚመጣበት በኩል እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። በየብሎኩ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ በግድግዳ ቱቦ ወርዶ፣ በአሸዋና በደንገል ተጣርቶ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ሰው ሳይታጠብ አይገባም፤ የታጠበበትን ውኃ ማንጎዎቹ ይጠጡታል። ጠብታ ሁለት ሥራ ሳትሠራ ከሰፈሩ አትወጣም። "ልክ እንደ ሩሚያ እናት ወጥ" ይላል ዚያድ። ዚያድ የኖላዊት የፊት ለፊት ጎረቤት ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ መቀሱ ጡረታ ወጥቷል፣ ምላሱ አልወጣም።

ከንድፉ ያልተሠራ አንድ ነገር ነበር፤ ጥላው። ሩሚያ በገንዳው ላይ የሚዘረጋ ሸራ ስላ ነበር፤ የከተማው ኮሚቴ "ጌጥ ነው" ብሎ ሰረዘው። ፀሐይ ውኃ ትጠጣለች ብላ ብትከራከርም ኮሚቴው የተሰበሰበው በቀዝቃዛ ክፍል ስለነበር ፀሐይ የት እንዳለች የሚያስታውስ አልተገኘም።

በመጋቢት ዘነበ። በሚያዝያ ደጋገመው። በጋውን አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ሞልቶ እያጓራ ሲያልፍ ሰዉ በረንዳ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ዝናቡ ባባራ ማግስት ሁሉም ወደ ገንዳው ወረደ።

ውኃው ጉልበት አይደርስም።

ሩሚያ ሱሪዋን ሰብስባ ገንዳው ውስጥ ቆማለች፤ ጆሮዋን ጡቡ ላይ ለጥፋ።

"ምን አለሽ?" አላት ዚያድ ከደረጃው ላይ።

"ዝም በል፣ ልስማበት።"

"ጡብ ይናገራል እንዴ? አቦ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይሄንን ነው?"

"ያንተን ምላስ የሚያስቆም ትምህርት ስላልነበራቸው ይሄንን መረጥኩ።"

የእድሩ ሊቀመንበር ኪሩቤል ከዘራውን ተደግፎ ጎንበስ አለ። ረጅም ሰው ነው፤ ሲናገር ሁልጊዜ ቀብር ላይ ያለ ይመስላል። "ልጄ፣ ያፈሳል በይና እንገላገል። ስህተት በሰው ይደርሳል።"

"አያፈስም።"

"ታዲያ ውኃው የት ገባ?"

"አላውቅም። ማጣሪያውን አየሁ፣ መሬት ውስጥ ያለውን መስመር አየሁ፤ ደህና ነው። ጣሪያ ላይ የወረደው ሌላ ነው፣ እዚህ የደረሰው ሌላ።"

"መሀል ላይ ጂን ጠጣው በያ" አለ ዚያድ።

ሰዉ ሳቀ። ኖላዊትም ሳቀች፤ ከሁሉም ዘግየት ብላ።

"ኮሚቴው ገንዳው ስንጥቅ አለው ብሎ ሊወስን ነው" አለ ኪሩቤል። "ከወሰነ ዘንድሮ ቀርቶ ለከርሞም የለም። ጉድጓዱን ደፍነው የአውቶቡስ ማቆሚያ ያደርጉታል።"

ሩሚያ ጆሮዋን ከጡቡ አንስታ ቀና አለች። የጡቡ ፈለግ ጉንጯ ላይ ቀርቷል። ከተሰበሰበው ሰው መሀል ዓይኗ ኖላዊት ላይ አረፈ። "ኖላዬ፣ አንቺ እንኳ አታምኚኝም?"

"አምንሻለሁ" አለች ኖላዊት። ይሄ እውነት ነበር። የከበዳትም እውነት በመሆኑ ነው።

ቤቷ ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። መኝታ ቤቱ ውስጥ ከአልጋው ራስጌ እስከ መስኮቱ ድረስ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፤ በድርድሩ ላይ ሌላ ድርድር ተጭኗል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ የያፌት የባቡር ዩኒፎርም ከተሰቀለበት ስር፣ ጀሪካን። ኩሽናው ውስጥ በርሜል። አልጋው ስር ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ ለክፉ ቀን ክፉ ቀን የምትሆን። በኩሽናው መስኮት አጠገብ የሚወርደው የዝናብ ቱቦ ላይ በጋለ ቢላ የተበሳች ቀዳዳ አለች፤ ቀዳዳዋ ላይ ጎማ ተሰክቶ በመስኮት ገብቶ በርሜሉ ውስጥ ይጠልቃል። ዝናብ ሲያባራ ጎማው ተጠቅልሎ ከድስቶቹ ኋላ ይደበቃል፤ ቀዳዳዋም በጨርቅ ትወተፋለች።

ይህን ሌብነት የሚለው ድሬን የማያውቅ ሰው ነው። ድሬ ያደገ ሰው የውኃ ድምፅ ሲሰማ ባልዲ የሚያነሳው አስቦበት አይደለም፤ እጁ ነው የሚያስበው። የኖላዊት እናት ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ዘመን ሠርግ ቤት ጉርሻ ተዘርግቶላት "መጣች" ሲባል ጉርሻውን በአየር ላይ ትታ የሮጠች ሴት ናት። ስትመጣ ያልቀዳ ስትሄድ አያልቅስ። ዕቃ ባዶውን ካደረ ቤቱ ጾሙን አደረ ማለት ነው። ደግሞስ በሽተኛ ያለበት ቤት አይደለም? የአንድ ቤት በርሜል ከዚያ ሁሉ ገንዳ ምን ያጎድላል?

ኖላዊት ይህን ሁሉ ለራሷ ነግራ ጨርሳ ነበር፤ ያፌት ከወንበሩ ጠራት።

"ለምንድነው የቆምነው?"

"መንገድ እስኪለቀቅልን ነው።"

ያፌት አሰበበት። በሥራው ዘመን ነጠላ ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር እስኪያልፍ ስንት ጊዜ በረሃ ላይ እንደቆመ እሱ ያውቃል። "ወይስ እኛ ነን የዘጋነው?" አላት።

ኖላዊት ጎማውን ከድስቶቹ ኋላ ይበልጥ ገፋችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሳይረኑ ሳይጮህ፣ ጨው ልትበደር የዚያድን በር አንኳኳች። ዚያድ በሩን በአንድ ዓይኑ ልክ ከፈተው።

"ጨው" አለችው።

"ቆዪ እዚያው" አለና በሩን መለሰው። ጨውን በስንጥቁ አቀበላት።

ኖላዊት ጨውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ድሬ ውስጥ በር የሚሠራው ለወጉ ያህል ነው። ሰው ቤት የሚገባው መጋረጃ ገለጥ አድርጎ ነው፤ "ግባ" እስኪባል የሚቆም እንግዳ ብቻ ነው። ዚያድን ከነሚስቱ በሙታንታ ተኝቶ አይታው ታውቃለች፤ "ምን ትፈዣለሽ፣ እለፊ" ነበር ያላት። ከመቼ ወዲህ ነው ጨው በስንጥቅ የሚሰጠው? አንድ ፎቅ ወጣችና ሽንኩርት ለመነች፤ ግማሽ በር። አንድ ፎቅ ወረደችና ክብሪት ጠየቀች፤ ግማሽ በር፣ ግማሽ ፊት። ሁሉም እግሩን ከበሩ ኋላ ተክሎ ነው የሚያናግራት። እሷስ? ከመጋቢት ወዲህ ሰው ሲያንኳኳ በሩ ላይ እንደ ቡሽ የምትወተፈው ማን ናት?

ጨውን፣ ሽንኩርቱንና ክብሪቱን እንደያዘች ወደ ኪሩቤል ቤት ሄደች።

"ኪሩቤል፣ ድንኳኑን ትከል።"

ግማሽ ፊቱ በስንጥቁ ውስጥ ነጣ። "ያፌት...?"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ ማን ሞተ?"

"አስገባኝና ልንገርህ።"

"እዚሁ ንገሪኝ፣ ቤቱ ዝብርቅርቅ ብሏል።"

ኖላዊት በትከሻዋ ገፋችው። ሳሎኑ በግድግዳው ዙሪያ፣ በብርድ ልብስ በተሸፈነ መቀመጫ ተከቧል። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገች። ቢጫ።

"አዲስ ሶፋ ገዛህ እንዴ?" አለችው።

ኪሩቤል ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ሶፋው ተንቦጫቦጨ። "ለክፉ ቀን ነው" አለ።

"ክፉው ቀን ግንቦት ነው። ግንቦት የሚመጣብን ደግሞ በዚህ ሶፋ ነው። አትፈር፤ እኔ ያለኝ ካንተ ይበልጣል። ዚያድም አለው። ከነገ ጀምረህ በሩን ወለል አድርጎ የሚከፍትልህ ሰው ካገኘህ፣ ውኃ የሌለው እሱ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ሰው ሰብስበን እንነጋገርበት።"

"ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ 'ቱቦ የበሳሁት እኔ ነኝ' የሚል ሰው ገና አልተወለደም። እኔም አልልም። ድንኳን ትከል።"

"ሟርት ነው፣ ኖላዬ። ሰው ሳይሞት ድንኳን አይተከልም። ደንቡ..."

"ደንቡን ካነሳኸው፤ ድንኳን ሲተከል እያንዳንዱ ቤት አንድ ጀሪካን ውኃ ይዞ ይውጣ ይላል። ሙቀቱ ሲብስ ለቀስተኛ እንዳይወድቅ ብለህ ያስጨመርከው አንተ ነህ።" ጨውንና ሽንኩርቱን ሶፋው ላይ አስቀመጠች። "ያፌት ግንቦት ላይ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሰኔ ላይ ትቀብረዋለህ። በዚያን ቀን ድንኳኑን ትተክላለህ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ተሸክሞ ይመጣል። አውቃለሁ፣ አንድ አይቀርም። እኔ የምልህ፣ ያንን ውኃ አሁን አምጡለት። ከሞተ በኋላ ምን ይሠራለታል?"

ኪሩቤል ብዙ ሰው ቀብሯል። ለሞተ ሰው የሚባለውን ሁሉ ያውቃል። ላልሞተ ሰው የሚባል ግን አልመጣለትም።

"የት ላይ ነው የሚተከለው?" አለ በመጨረሻ።

"ገንዳው ላይ።"

የአሸዋ ዳር እድር ለፋፊ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ድምፁ ግን በየብሎኩ ደረጃ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ውስጥ ተቀርጾ ቀርቷል፤ የራሱን ሞት የለፈፈው እሱ ራሱ ነው። አመሻሽ ላይ ሳይረኑ ጮኸ፤ ከሳይረኑ ቀጥሎ እሱ ተናገረ። "እድርተኛ፣ ድንኳን ተተክሏል። ውኃችሁን ይዛችሁ ውጡ።" ስም አይጠራም። ስም የሚያቀብለው ሰው የለም።

ሰዉ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጀሪካኑን በትከሻ ይዘዋል። የእድሩ ትልቅ ድንኳን፣ በእራፊ ብዛት ቀለሙ የጠፋው፣ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ቆሟል። ከስሩ፣ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ያፌት በወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰዉ ሲመጣ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።

"ዛሬ ተሳፋሪው ብዙ ነው" አለ።

ሹክሹክታው ከፊት ወደ ኋላ ተመለሰ። ያፌት ካልሆነ ማን ነው? ኪሩቤል ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ፤ ሌላ ነገር ግን አልወጣውም። ኖላዊት ጀሪካኗን ይዛ ወደ ገንዳው ጠርዝ ወረደች።

"የሞተ የለም" አለች። "ገና ነው። ይኸው ተቀምጧል፤ እዩት። ልትቀብሩት ስትመጡ የምታመጡትን ውኃ በዓይኑ እያየ ስጡት ብዬ ነው።"

"በሐዘን ይቀለዳል እንዴ?" አለች አንዲት ሴት ከኋላ። "እኔ ልቤ እዚህ ደርሶ ነው የመጣሁት።"

"ይቅር በዪኝ፣ እህቴ። ልብሽ በሰኔ ከሚደርስ ዛሬ መድረሱ ይሻላል።"

ኖላዊት ክዳኑን ፈታችና ጀሪካኑን ደፋችው።

የድሬ የቧንቧ ውኃ ኖራ ነው፤ ጀሪካን ውስጥ የሰነበተ እንደሆነ ነጭ ዱቄት ይዞ ይወርዳል። ከኖላዊት ጀሪካን የወረደው ግን ጥርት ያለ ነበር። የሰማይ ውኃ። እዚያ ከነበረው ሰው ይህን ለማወቅ አዋቂ የሚያስፈልገው አልነበረም፤ እያንዳንዱ የያዘው ያንኑ ነው።

የማንጎዎቹ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

"ወላሂ፣ ጂኑ አንቺ ነሽ ለካ" አለ ዚያድ።

"አንዷ ነኝ። እስኪ ያንተን ክፈተው።"

"እኔ ወገቤን..."

"ክፈተው፣ ዚያድ።"

ዚያድ ክዳኑን ፈታ። ውኃው እንደ መስታወት ወረደ። የገንዳውን ወለል እያየ፣ "በዚህ ሰፈር ጂን በዝቷል" አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሌላው። አንድ በአንድ እየወረዱ ደፉ። ማንም ማንንም አላየም፤ ሁሉም ግን አየ።

ሩሚያ ከወንፊቱ ግድግዳ ስር ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

"ጆሮዬን ጡብ ላይ ለጥፌ ስሰማ እኮ እላዬ ላይ ቆማችሁ ነበር" አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። "ስንጥቅ አለው ሲባል አንድ ሰው አልተነፈሰም። ሌሊት ሌሊት ንድፌን እያወጣሁ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ስፈልግ ነበር። የተሳሳትኩትማ እናንተ ላይ ነው። ቱቦውን በኩሽና መስኮት በኩል አሳልፌ፣ አሸዋ ዳር ተወልጄ፣ አይቀዱም ብዬ ማሰቤ።"

ኖላዊት ወደ እሷ ሄዳ ጉንጯን፣ ጡቡ የተለጠፈበትን፣ በእጇ አበሰችላት። ሩሚያ ፊቷን አዞረች፤ እጇን ግን አልገፋችውም።

ትንሽ ቆይታ፣ "ደረጃ ለደረጃ አትሸከሙት" አለች። "የቀረውን በበሳችሁት ቀዳዳ መልሱት። ቱቦው ያመጣዋል። ሲያልቅ ጎማዎቹን እዚህ አምጡልኝ፤ ለማንጎዎቹ እፈልጋቸዋለሁ።"

በማግስቱ ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። የጠዋቱ ሳይረን ከመጮሁ በፊት ግን በአሸዋ ዳር ብሎኮች ላይ ዝናብ ይሰማ ጀመር። ውሾቹ ከደረጃ ስር ወጥተው ወደ ላይ አዩ፤ ምንም የለም። ድምፁ በግድግዳው ውስጥ ነው፤ ቱቦዎቹ ከላይ እስከ ታች ያጉረመርማሉ። ኖላዊት ውኃውን በቀዳዳዋ ስትመልስ ዋለች። የመኝታ ቤቱ መስኮት ከድርድሩ ኋላ ብቅ አለ፤ መስኮት እንደነበራቸው ረስታው ነበር። በሯን ከፍታ ነው የምትሠራው። ዚያድም ከፍቷል። "ኖላ፣ የኔ ቱቦ ካንቺ ይበልጥ ያጓራል" ይላታል። "ካንተ የወጣ ነገር መች ጸጥ ብሎ ያውቃል" ትለዋለች።

ድንኳኑ አልተነቀለም። ሩሚያ ስሩ ገብታ ወደ ላይ ስታየው ቆየችና ገመዱን ራሷ ደግማ አጠበቀችው።

"ሰው ቢሞትስ?" አላት ኪሩቤል።

"እዚሁ ይለቀስለታል። ጥላም ውኃም አለ። ከዚህ የተሻለ ለቅሶ ቤት የት ታገኛለህ?"

ግንቦት አንድ ቀን ጠዋት የሙቀት ጉዳይ ቢሮ መርማሪ መጣ፤ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጎልማሳ። አውቶቡሶቹ መንገድ ዳር ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆመዋል። "እናቴ፣ እባክዎ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አላት ኖላዊትን።

"ማንን ነው የሚያናግረው?" አለ ዚያድ ወደ ኋላው እየዞረ።

መርማሪው መለኪያውን በገንዳው ጥግ አወረደ። መለኪያውን አወጣ፣ አየው፣ እንደገና አወረደው።

"በጣም ያሳዝናል" አለ። "አንድ ጣት ጎድሏል።"

ኪሩቤል ወደ ሰዉ ዞረ። "የቀረ ውኃ ያለው አለ?"

ሁሉም ድንኳኑን ማየት ጀመረ። ኖላዊት አልጋዋ ስር ያለችውን ትንሿን ጀሪካን አሰበቻት።

"ያችን አምጫት" አላት ዚያድ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከድንኳኑ ሳያነሳ።

"አንተ መታጠቢያ ቤት የደበቅካትን አምጣ።"

ሁለቱም አልተነቃነቁም። ቢያመጧትም አንድ ጣት አትሞላም፤ ያላመጧት ግን ስለማትሞላ አይደለም። ሰው ሁሉን ይሰጣል፤ የመጨረሻዋን አይሰጥም።

ኖላዊት ውኃውን አየች፤ መስመሩን አየች፤ በጠርዙ ዙሪያ የተደረደረውን የሰው ብዛት አየች። ከሰዉ ኋላ ባዶ ጀሪካኖቹ እንደ ተራራ ተከምረዋል። ልጅ ሳለች ጎርፍ ካለፈ በኋላ አሸዋው ውስጥ በሚቀረው ኩሬ ዋና የለመዱት በጀሪካን ነበር፤ ክዳኑን አጥብቆ፣ ደረት ስር ይዞ።

"ውኃ ማምጣት ካቃተን ሰው እናስገባ" አለች። "ዚያድ፣ ገመድ። ኪሩቤል፣ ያንን ሶፋህን አቀብለኝ።"

ጀሪካኖቹን ጎን ለጎን አሠረቻቸው። ያፌትን ደንቡ እንደሚለው አጠቡት፤ በአንሶላ አንስተው በቀስታ አወረዱትና ጀሪካኖቹ ላይ አጋደሙት። ሰመጥ አለ፤ ተንሳፈፈ። ኖላዊት ከነቀሚሷ ታጥባ ገባችና ጭንቅላቱን በእጇ ያዘች። ቀጥሎ ሩሚያ ገባች። ዚያድ፣ "ወገቤን ያመኛል እያልኩ" እያለ ገባ። ከዚያ ሰዉ መቁጠሪያ አጣ፤ ከመታጠቢያው እስከ ደረጃው ተሰልፎ ይወርዳል፤ ያን ቀን "በሐዘን ይቀለዳል እንዴ?" ያለችው ሴትም ገባች። ውኃው በጡቡ ላይ ቀስ እያለ ወጣ። ከመስመሩ በታች ያለውን ጡብ ዋጠው። ሰማያዊውን ነካው።

መርማሪው ተንበርክኮ አየ። "ይሄ እኮ... ውኃው አልጨመረም።"

"መመሪያህ ምን ይላል?" አለችው ሩሚያ።

"'የውኃው ወለል መስመሩን ሲነካ' ነው የሚለው።"

"ነካ ወይስ አልነካም?"

"ሰው ሲወጣ ይወርዳላ።"

"በግንቦት ማን ሊወጣ?"

መርማሪው አውቶቡሶቹን አየ። ገንዳ ሙሉ ሰው አገጩን ውኃ ላይ አድርጎ እሱን ያያል። ከአንገቱ ላይ አንድ ቁልፍ ፈታ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የመለኪያውን ቁጥር መዘገበና ወደ ሹፌሮቹ እጁን አውለበለበ። ሞተሮቹ ተንቀሳቀሱ፤ ድምፃቸው ወደ ሌላ ሰፈር ራቀ።

"ግባ አንተም" አለው ዚያድ። "ሁለት ቀን ከዋልክ እርስዎ ማለቱ ይለቅሃል።"

የጠዋቱ ሳይረን ጮኸ። ከሰው የሸሸ የለም። በድንኳኑ ቀዳዳዎች የገባው ብርሃን ውኃው ላይ ተበታትኖ ይዋዥቃል፤ በወንፊቱ ግድግዳ የገባው ንፋስ ውኃውን ዳስሶ ቀዝቅዞ ይመጣል። ውሾቹ ደረጃውን ወርደው የመጨረሻው እርከን ላይ ተኝተዋል።

ያፌት በጀርባው ተንጋሎ ድንኳኑን ሲያይ ቆየ። "ይሄ ያለ ሐዲድ ነው የሚሄደው" አለ።

"አዎ" አለች ኖላዊት።

"ኖላ።"

በስሟ ከጠራት ዓመት ሊሆነው ነው። አጎንብሳ ወደ ፊቱ ቀረበች።

"ቲኬት ይዘሻል?"

"አልያዝኩም" አለችው።

"ግድ የለም" አለ ያፌት፣ ዓይኑን ጨፍኖ። "እኔ ነጂ ነኝ። ነጂ ቲኬት አይጠይቅም።"